እንዶድና ቀበሪቾን በቲሹ ካልቸር ስለ ማባዛት፦ ከጣና ዳር ችግኝ ጣቢያ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር በሚገኝ የችግኝ ጣቢያ በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ወገኖች እንዶድን፣ ዳማከሴን፣ ጌሾንና ቀበሪቾን በቲሹ ካልቸር አባዝተው ለገበያ ለማቅረብ አስበው አንድ ክፍል አዘጋጅተው ሥራ ጀምረዋል። ሚዲያውን፣ ማለትም ቁራጩ የሚያድግበትን ምግብ፣ የሚያመክኑት በፕሬዠር ኩከር ሲሆን ቁራጮቹን የሚያጥቡት በበረኪና ነው። ከጠርሙሶቹ አብዛኞቹ ሻገቱ፤ ከሻጋታ የተረፉት ቁራጮች ጠቆሩ፤ እንደ ምንም ሥር ያወጡት ጥቂት የእንዶድ ችግኞችም አፈር ላይ በተተከሉ በሳምንታቸው ደረቁ። «ስሕተታችን የቱ ላይ ነው? ሥራውስ በእርግጥ ያዋጣል ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የኋለኛውን ጥያቄ አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ መልሱ የፊተኛውን ሸክም በግማሽ ያቀልለዋልና። ቲሹ ካልቸር ከአንድ እናት ተክል የተወሰደን ትንሽ ሕያው ክፍል ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ፣ ማዕድናት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና የዕድገት ሆርሞን በያዘ ሚዲያ ላይ አሳድጎ እናቱን የመሰለ ብዙ ችግኝ የማግኛ ዘዴ ነው። ዘዴው ውድ ነው፤ ጉልበት፣ ኤሌክትሪክና ከውጭ የሚገባ ኬሚካል ይበላል። ስለዚህ ሥራውን መጀመር የሚገባው ተክሉ በዘርም በቁራጭም አልራባ ሲል፣ ወይም አንድ ተመርጦ የተለየ እናት ተክል ባሕርዩ ሳይለወጥ በሺሕ የሚቆጠር ልጅ እንዲሰጥ ሲፈለግ ነው። በዚህ ሚዛን ከአራቱ ተክሎቻችሁ ሁለቱ ወዲያው ይወድቃሉ።

ዳማከሴን ከዝርዝራችሁ አውጡት። ምች ለመታው ሰው ቅጠሉ ታሽቶ የሚሰጠው ይህ ተክል፣ የእስክሪብቶ ያህል ውፍረትና ሦስት አራት አንጓ ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹ ተነቅለው፣ ጥላ ሥር እርጥብ አሸዋ ላይ ቢሰካ በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል። አንድ ሠራተኛ በአንድ ጠዋት ሰክቶ የሚጨርሰውን ያህል ችግኝ ከጠርሙስ ለማግኘት ወራት ይፈጅባችኋል፤ ገዢውም ለዳማከሴ ያን ዋጋ አይከፍልም። ጌሾም ባብዛኛው የሚራባው በዘር ነው፤ ጠቁሮ የበሰለው ፍሬ ሥጋው ታጥቦ ሳይቆይ ቢዘራ ይበቅላል። ከዘጌ ወይም ከሌላ ቦታ ቅጠለ ብዙና በሽታ የማይነካው አንድ ጌሾ መርጣችሁ ያንኑ ማባዛት ካልፈለጋችሁ በቀር ጌሾን ወደ ጠርሙስ ማስገባት ድካም ነው።

እንዶድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእንዶድ ወንዴና ሴቴ አበባ የሚገኙት በተለያየ ተክል ላይ ሲሆን ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። ከዘር የበቀለው ችግኝ እስኪያብብ ድረስ ወንዴ ይሁን ሴቴ በዓይን ስለማይለይ፣ ከዘር ያፈላችሁትን ለገበሬ ብትሸጡለት ገበሬው ካሳደገ በኋላ ከተከለው ብዙው ፍሬ የማይሰጥ ሆኖ ያገኘዋል። በፍሬው ውስጥ ያለው፣ የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድለው ሳፖኒን የተባለ ውሁድም ከእንዶድ እንዶድ ይለያያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ካዩ በኋላ ለዓመታት በተካሄደው ምርምር ከተለያዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶች ተመዝነው፣ ዓይነት 44 በሚል ቁጥር የሚታወቀው በኃይሉ ተመርጧል። አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው በዚሁ ሥራ ነው። እንግዲህ ፍሬዋ የተመሰከረላትን አንዲት ሴቴ እንዶድ እንዳለች ማባዛት ከፈለጋችሁ የዘር መንገድ ዝግ ነው። በቁራጭ ይቻላል፤ ጥቂት መቶ ችግኝ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ እኔም የምመክረው በቁራጭ እንድትሠሩ ነው። ከአንዲት እናት በአጭር ጊዜ ብዙ ሺሕ የሚፈለግ ከሆነ ግን ቲሹ ካልቸር ይበልጣል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ። የጣና ዳር ነዋሪ በቢልሃርዝያ የሚቸገር ስለሆነ እንዶድ ገበያ እንደሚያገኝ ትገምቱ ይሆናል፤ ግምቱም መሠረት አለው። ሆኖም ቀንድ አውጣን የሚገድለው ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል። የፍሬውን እጣቢ ቀረሶና አምባዛ በሚራቡበት የሐይቁ ዳርቻ ማፍሰስ የዓሣ አጥማጁን መሶብ መገልበጥ ስለሆነ፣ ችግኙን ስትሸጡ ይህን ለገዢው መንገር የእናንተ ፈንታ ነው።

ቀበሪቾ ደግሞ ከአራቱ ሁሉ ይልቅ ቲሹ ካልቸር የሚገባው ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም፤ ለጢስና ለመድኃኒት የሚሸጠው ሥሩ ስለሆነ ለቀማው ተክሉን ከነነፍሱ ነቅሎ የሚጨርስ ነው። ገበያ ላይ በየመደቡ ተከምሮ የምታዩት ሥር ሁሉ አንድ የሞተ ተክል ነው፤ በምትኩ የሚተክል ሰው ግን እምብዛም የለም። እንደ ቁጥቋጦዎቹ ከግንዱ አንጓ እየተቆረጠ የሚሰካ ስላልሆነ በጠርሙስም ቢሆን ከዘር መጀመር ይሻላል። እሾሃማውን የአበባ ራስ ፈልፍላችሁ ዘሩን አንድ በአንድ በጣታችሁ ጫን በማድረግ ባዶውን ከሙሉው ለዩ፤ ብዙው ባዶ ሊሆን ይችላል። ሙሉውን አምክናችሁ ሆርሞን በሌለው ሚዲያ ላይ አብቅሉት፤ ማባዛቱን ከበቀለው ንጹሕ ቡቃያ ጫፍ ጀምሩ። የሜዳ ሥርና ግንድ ከአፈር ጋር ተጣብቆ የኖረ ስለሆነ ከጀርም ማጽዳቱ እጅግ ያስቸግራል።

ወደ ሻጋታው እንምጣ። መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ሻጋታው ከየት እንደተነሣ ነው። ከተከላችሁ በኋላ በሦስት ወይም በአምስት ቀን ውስጥ ከቁራጩ ዙሪያ ከጀመረ ቁራጩ በደንብ አልመከነም። ከቁራጩ ርቆ በሚዲያው ላይ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያለ ከወጣ ጥፋቱ የሚዲያው፣ የአየሩ ወይም የእጃችሁ ነው። ይህን ለመለየት በእያንዳንዱ ዙር ከምታዘጋጁት ሚዲያ ጥቂት ጠርሙሶችን ምንም ሳትተክሉባቸው ክዳናቸውን ሳትከፍቱ አስቀምጡ፤ ሌሎች ጥቂቶችን ደግሞ መትከያው ቦታ ላይ ከፍታችሁ የመትከያውን ያህል ጊዜ አቆይታችሁ ዝጉ። በሳምንቱ ያልተከፈቱት ከሻገቱ ጥፋቱ የማምከኛው ድስት፣ የፕሬዠር ኩከሩ ነው፤ የተከፈቱት ብቻ ከሻገቱ አየሩ ነው፤ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው የተተከለባቸው ብቻ ከሻገቱ ቁራጩ ነው። ይህን ሳያደርጉ በረኪና ማብዛት በጨለማ መደናበር ይሆናል።

እኔ ግን ከጻፋችሁት ተነሥቼ አስቀድሜ የምጠረጥረው ድስቱን ነው፤ ምክንያቱም የሁሉም መመሪያ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ» የሚለው ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። የድስቱ መለኪያ ወይም ክብደት የሚያሳየው በውጭ ካለው አየር በላይ የተጨመረውን ግፊት ብቻ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ እንኳ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ መለኪያው 15 ሲል በድስቱ ውስጥ ያለው እንፋሎት 121 ሳይሆን 118 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሦስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ሙቀት የሚቋቋመውን የባክቴሪያ ስፖር ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ 10 እጥፍ ስለሚያድግ፣ የሦስት ዲግሪ ጉድለት ጊዜውን በግምት እጥፍ ያደርገዋል። 121 ዲግሪ ለማግኘት እዚህ ከተማ 18 ፒኤስአይ ገደማ ያስፈልጋል፤ የቤት ድስት ግን ለዚህ ስላልተሠራ ክብደቱን ለማክበድ በፍጹም አትሞክሩ። ይልቁንም ጊዜውን ወደ 30 ደቂቃ አሳድጉት። ክብደቱን ከማስቀመጣችሁ በፊትም እንፋሎቱ ያለማቋረጥ ለአሥር ደቂቃ ያህል እየፎጨ ይውጣ፤ አየሩ ተጠቅልሎ ካልወጣ መለኪያው ያሰባችሁትን ቁጥር እያሳየ ውስጡ ግን አይሞቅም። ሚዲያውን በትልቅ ዕቃ ሳይሆን በየጠርሙሱ ከ30 ሚሊ ሊትር ሳታበልጡ ቀድታችሁ አምክኑ፤ ብዙ መጠን ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜውን ያለ ልክ ብታረዝሙት ደግሞ ስኳሩ ቡናማ ይሆናል፣ ፒኤቹም፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ይወርድና አጋሩ፣ ማለትም ሚዲያውን የሚያረጋው ዱቄት፣ ሳይረጋ ይቀራል። ሙቀትን በራሱ የሚለካ አውቶክሌቭ፣ ማለትም የማምከኛ መሣሪያ፣ ያላቸው ተቋማት ይህ ችግር የለባቸውም፤ ችግሩ ግፊት ብቻ እያየን በምንሠራው ላይ ነው።

በረኪናን በተመለከተ፣ ከሱቅ የሚገዛው ላዩ ላይ የተጻፈው መጠን 5 በመቶ አካባቢ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውኃ ተበጥብጦ ለለስላሳ ቀንበጥ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃል። ነገር ግን በረኪና ከተከፈተና ፀሐይ ካገኘው ኃይሉን ያጣል፤ ከሱቅ መደርደሪያ ፊት ለፊት ለወራት ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትግዙ። ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት፤ ያለ ሳሙና ፈሳሹ የቅጠሉ ብብት ውስጥ አይገባም። ከበረኪናው በፊት በ70 በመቶ አልኮል ለግማሽ ደቂቃ አጥልቁ። «96 በመቶው ይበልጣል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አልኮል ጀርምን በደንብ የሚገድለው ግን ውኃ ሲኖርበት ነው። ከበረኪናው በኋላ በመከነ ውኃ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ስለሚዘለው በዝርዝር ልንገራችሁ። የእንዶድ ቀንበጥ ለስላሳና ውኃ ያዘለ ነው። ከበረኪናው ሲወጣ የተቆረጡት ሁለቱ ጫፎቹ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ነጥተው ታያላችሁ። የነጣው ሞቷል፤ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ግን ሕያው ነው። ቁራጩን ከነነጣው ጫፉ ብትተክሉት የሞተው ክፍል ሚዲያውን ከመምጠጥ ያግደዋል፤ የመጥቆሩም መነሻ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ አንጓውን ከላይም ከታችም ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ከታጠበ በኋላ አዲስ ምላጭ በእሳት አሳልፋችሁ፣ ቀዝቅዞ፣ የነጣውን ከሁለቱም ወገን በአንድ ምት አንሱ። ምላጩ ከደነዘ ሕዋሱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ሕዋስ ደግሞ ቡናማ ፈሳሽ ያወጣል። የሚተከለው አንድ አንጓ ብቻ ያለው የአንድ ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይሁን፤ የብብቱ እምቡጥ ወደ ላይ እያየ የታችኛው ጫፍ ብቻ ሚዲያው ውስጥ ይግባ።

ሁሉን በትክክል አድርጋችሁም ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ በግንዱ ሥር እንደ ወተት የደፈረሰ ቀለበት ከታየ፣ በተክሉ ውስጥ ራሱ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ይህን በረኪና አይደርስበትም፤ አንቲባዮቲክ ቢጨመርም ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ ብዙ ጊዜ አያጠፋውም። ያን ጠርሙስ ሳትከፍቱ አምክናችሁ ጣሉት። በሌላ ዙር ከዚያች እናት ተክል አንጓ ሳይሆን የቀንበጡን ጫፍ ብቻ በጣም አሳንሳችሁ ውሰዱ።

ቁራጭ የምትወስዱበት ወቅትም ከበረኪና ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። በሐምሌና በነሐሴ ከሜዳ የተቆረጠ ቀንበጥ በዝናብ የተረጨ አፈርና የፈንገስ ዘር ተሸክሞ ይመጣል። እናት ተክሎቹን በዕቃ ተክላችሁ ዝናብ በማያገኛቸው ፕላስቲክ ጣሪያ ሥር አኑሯቸው፤ ውኃ ስታጠጡ አፈሩን እንጂ ቅጠሉን አታርጥቡ፤ ከመቁረጣችሁ ከወር በፊት ግንዱን ገርዟቸው፤ ከተገረዘው ላይ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ቀንበጥ በጥርና በመጋቢት መካከል ውሰዱ። ከዚህ የተሻለ የጽዳት ኬሚካል የለም።

የመጥቆሩ ነገር ከመድኃኒት ተክሎች ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ተክሎች ለመድኃኒትነት የተፈለጉት ፌኖልን የመሰሉ ብዙ ውሁዶችን ስለሚያመርቱ ነው፤ ተክሉ ሲቆረጥም እነዚያው ውሁዶች ከቁስሉ ወጥተው ከአየር ጋር ሲገናኙ ይጠቁራሉ፤ የጠቆረው ደግሞ መልሶ ቁራጩን ይመርዛል። ስለዚህ ቁራጮቹን ከመትከላችሁ በፊት በሊትር 100 ሚሊ ግራም አስኮርቢክ አሲድና ጥቂት ሲትሪክ አሲድ ባለበት የመከነ ውኃ ውስጥ አቆዩ፤ ከተከላችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ፤ በቁራጩ ዙሪያ ቡናማ ጥላ ሲጀምር ሳትጠብቁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ወደ አዲስ ሚዲያ አዛውሩ። ይህን ማዛወር ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም አሰልቺ ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ከማንኛውም ኬሚካል ይልቅ ቁራጭ የሚያድነው እርሱ ነው። የከሰል ዱቄት፣ ማለትም አክቲቬትድ ቻርኮል፣ በሊትር ከ1 እስከ 2 ግራም መጨመር ይረዳል፤ ነገር ግን ከሰሉ መርዙን ብቻ ሳይሆን የጨመራችሁትን ሆርሞንም ይስባል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ወቅት እንጂ ለማባዣው አትጠቀሙበት። የማገዶ ከሰል ወቅጦ መጨመር ደግሞ ይህን ሥራ አይሠራም።

ስለ ሚዲያው ባጭሩ ልናገር። ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1962 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር፣ ኤምኤስ የሚባለው፣ ለእንዶድም ለቀበሪቾም መነሻ ይሆናል፤ በሊትር 30 ግራም ስኳር፣ 7 ግራም ገደማ አጋር፣ ፒኤቹ 5.8። ስኳሩ ከሱቅ የምትገዙት ነጭ ስኳር ቢሆን ችግር የለውም። ዋጋው የሚከብደው አጋር ነው፤ በአገራችን ከእንሰት የሚገኘው ቡላ በምትኩ ተሞክሮ ተስፋ አሳይቷል፤ ጀማሪ ግን ከአንድ በላይ ያልታወቀ ነገር በአንድ ጊዜ ባይዝ ይመረጣል። ውኃው የተጣራ ይሁን። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ውኃ የምትገዙ ከሆነ አሲዱን ሳይሆን የተጣራውን ውኃ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትጠቀሙ፤ ሁለቱም በተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣሉና።

ለማባዛት ቢኤፒ የሚባለውን ሳይቶካይኒን፣ ማለትም ቀንበጥ የሚያበዛ ሆርሞን፣ በሊትር ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም በመጨመር ጀምሩ። ብዙ ቀንበጥ ለማግኘት ጓጉታችሁ መጠኑን ብታበዙት ቀንበጦቹ አጫጭርና ውኃ የቋጠሩ፣ ቅጠላቸውም ብርጭቆ መስሎ የሚያሳልፍ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ቀንበጥ ሥር ቢያወጣም አፈር ላይ አይቆምም። በተጨማሪም ከአንጓው እምቡጥ የሚወጣውን ቀንበጥ እንጂ ከቁስሉ ላይ ከሚያብጠው ካለስ የሚበቅለውን አታባዙ፤ ከካለስ የመጣው ከእናቱ ሊለይ ይችላል፤ እናንተ ደግሞ የምትሸጡት የእናቲቱን ባሕርይ ነው። ሥር ለማውጣት ማዕድኑ በግማሽ የተቀነሰ ኤምኤስ ላይ አይቢኤ የሚባለውን ሥር አውጪ ሆርሞን በሊትር ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም ጨምሩ።

አሁን ደግሞ የደረቁባችሁን ችግኞች ልመልከት፤ ልፋታችሁን ሁሉ የበላው ይኸኛው ደረጃ ነውና። በጠርሙስ ውስጥ ያደገ ተክል ቅጠሉ ላይ ሰም የለውም ማለት ይቻላል፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎችም መዝጋት አልተማሩም። ሥሩም በአጋር ውስጥ የበቀለ ስለሆነ የሥር ፀጉሩ ጥቂት፣ ራሱም ተሰባሪ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ባለበት ክፍት መደብ ላይ ስታወጡት ውኃው ከቅጠሉ የሚወጣበት ፍጥነት ሥሩ ከሚስበው ይበልጣል፤ አፈሩ ረጥቦ ሳለ ተክሉ በጥም ይሞታል። ያጠወለገውን አይታችሁ ውኃ ብትጨምሩለት ደግሞ ግርጌው ይበሰብሳል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከማውጣታችሁ ከሦስት ቀን በፊት የጠርሙሱን ክዳን በትንሹ አላልታችሁ በክፍሉ ውስጥ አቆዩ። ችግኙን በጣት ሳይሆን በመቆንጠጫ ሥሩን ሳትነኩ አውጡት፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እያወዛወዛችሁ አጋሩን ከሥሩ መካከል ፈጽማችሁ እጠቡት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በሥሩ መካከል ጤፍ የምታህል አጋር ብትቀር በውስጧ ያለው ስኳር የፈንገስ ቀለብ ነው፤ በሳምንቱ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጭን ቡናማ መስመር ታያላችሁ፤ ያ ከታየ በኋላ ተክሉ አይተርፍም። አፈሩ የወንዝ አሸዋ፣ የደን አፈርና የበሰለ ኮምፖስት ድብልቅ ሆኖ በእንፋሎት የተቀቀለ ይሁን። ከተተከለ በኋላ በቀስት ላይ በተወጠረ ፕላስቲክ ሥር፣ በላዩም የጥላ መረብ ተደርቦ ይቀመጥ። የመጀመሪያውን ሳምንት ፕላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ሳይጠፋ ይቆይ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋትና ማታ ለጥቂት ጊዜ ጫፉን ግለጡ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው እያረዘማችሁ ሄዳችሁ አንሱት። በዚህ ጊዜ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ሰም ያለው የሜዳ ቅጠል ነው፤ የጠርሙሱ ቅጠል ቢረግፍ አትደንግጡ፤ የምትጠብቁት አዲሱን ነውና።

ጊዜውን ብትመርጡ ሥራው ይቀላል። መጋቢትና ሚያዝያ ለማላመድ መጥፎ ናቸው፤ ሙቀቱ ይከፋል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ችግኞቹ ከጠርሙስ በግንቦት መጨረሻ ወጥተው ፕላስቲክ ሥር ቢከርሙ፣ ዝናቡ ሲበረታ በሐምሌ መካከል ለገበሬው ማሳ ይደርሳሉ። ከዚህ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ በጥር የተወሰደ ቁራጭ ለዚያው ክረምት በብዛት እንደማይደርስ ታያላችሁ። አንድ ቀንበጥ በየአራት ሳምንቱ ሦስት ቢሆን፣ ከአሥር ንጹሕ ቀንበጦች ተነሥታችሁ በስድስት ዙር በሒሳብ 7,290 ታገኛላችሁ፤ ነገር ግን በሻጋታ፣ በሥር ማውጣትና በማላመድ የሚጠፋውን ቀንሳችሁ ግማሹን ብቻ ዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡ። ለስድስቱ ዙር፣ ከዚያ በፊት ለማጽዳቱና ከዚያ በኋላ ለሥሩ የሚፈጀው ጊዜ ሲደመር ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የማኅበራችሁ አባላት በሦስት ወር ገቢ የሚጠብቁ ከሆነ ከወዲሁ ተነጋገሩበት፤ እስከዚያ ድረስ የዳማከሴው ቁራጭና የጌሾው ዘር ሊያቆያችሁ ይችላል።

መብራትን በተመለከተ፣ ጠርሙሶቹ በቀን 16 ሰዓት ብርሃንና 25 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ኤልኢዲ አምፖል ይበቃል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ተክል አይጎዳም። የሚጎዳው በመትከል ላይ ሳላችሁ ሲጠፋ ነው፤ ንጹሕ አየር የሚነፋው ካቢኔ እንደቆመ የክፍሉ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ወዲያው ሁሉንም ክደኑ፤ ሲመጣም ካቢኔው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ነፍቶ፣ ጠረጴዛው በአልኮል እንደገና ተጠርጎ ነው ሥራው የሚቀጥለው። ካቢኔ ከሌላችሁና የምትሠሩት በተዘጋ ሳጥንና በአልኮል መብራት ከሆነ ደግሞ መስኮትና በር ዘግታችሁ በማለዳ ሥሩ፤ ክፍሉ ተጠርጎ አቧራው እንዲሰክን ሌሊቱን ሳይነካ ይደር። አልኮል የተረጨበት እጅ ሳይደርቅ ወደ እሳቱ እንዳይቀርብ ተጠንቀቁ።

እንደገና ከመጀመራችሁ በፊት በከተማችን ካሉት ከአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር መመካከር ይጠቅማችኋል። ከገዳማት ደን፣ በተለይም ከዘጌና ከደሴቶቹ፣ እናት ተክል መውሰድ ካሰባችሁ ከገዳሙ አስተዳደር ፈቃድ ጠይቁ። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ስለ ማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአካባቢው ሰው እንደ ልማዱ ሲጠቀምበት አይከለክልም፤ ችግኙን ወይም ዘሩን ከአገር ውጭ ለሚፈልግ ገዢ መስጠት ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣባችሁ ወደ ኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ምሩት።

በመጨረሻ የእናት ተክሎቻችሁን ማንነት በስም ብቻ አትያዙ። አንዱ ቀበሌ ሰንሰል የሚለውን ሌላው ስሚዛ እንደሚለው ሁሉ፣ በቀበሪቾ ስምም ተመሳሳይ እሾሃማ ተክሎች ይሸጣሉ። አበባ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ጨምቃችሁ አድርቁ፤ የተለቀመበትን ቦታ፣ ቀኑንና የለቃሚውን ስም ጻፉበት፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ተክሎች ናሙና ማከማቻ፣ ወይም ተክል ለይቶ ወደሚያውቅ ባለሙያ አድርሱት። ለእያንዳንዷ እናት ቁጥር ስጡ፤ ያንኑ ቁጥር በሚደርቀው ናሙና ላይ፣ በየጠርሙሱና በየችግኝ ከረጢቱ ላይ በማይጠፋ ቀለም ጻፉ። የእንዶዷ ሴቴነት በአበባዋ ሳይረጋገጥ ደግሞ አንድም አንጓ አትቁረጡ።